ዲስክ ከመንቀላችሁ በፊት፦ የሬይድ ዲስክ ስታተስ እንዴት ይነበባል

ሬይድ (ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ የሚያሰራ ዘዴ) ላይ ያለ አንድ ዲስክ ቢሞት ብዙም አያስደነግጥም፣ ሬይድ የተሰራው ለሱው ነው፣ አንዱ ሲወድቅ ሌሎቹ ተሸክመውት ይቀጥላሉ። ዳታ ድራሹ የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ ከዛ በኋላ ነው፣ ሰው ብርቱካናማ መብራት አይቶ ደንግጦ ደህናውን ዲስክ ሲነቅል፣ ወይ ስክሪኑ ላይ የመጣውን ጥያቄ ሳያነብ የስ ብሎ ሲያልፍ፣ ወይ ደሞ «እስኪ አጥፍቼ ላብራው» ሲል። ስለዚ ዋናው ሙያ ዲስክ መቀየሩ አይደለም፣ እሱንማ ማንም ስቦ ያወጣዋል፣ ሙያው ኮንትሮለሩ (ዲስኮቹን የሚያዘው ካርድ) የጻፈውን ስታተስ አንብቦ ምን እንዳወቀና ምን ደሞ እንዳላወቀ መለየቱ ላይ ነው።

ስታተሱን የጻፈው ማነው

ኮንትሮለሩ ዲስኩን ከፍቶ አላየውም። ስራው ትእዛዝ መላክና መልስ መጠበቅ ነው፣ መልሱ በሰዓቱ ካልመጣ ወይ «መጻፍ አልቻልኩም» የሚል ከመጣ ትንሽ ይሞክርና ከአሬዩ፣ ማለትም አብረው ከሚሰሩት ዲስኮች ስብስብ፣ ያስወጣዋል፣ ከዛ ፌይልድ ብሎ ይጽፍበታል። ስም እንደሚጠራ አስተማሪ ነው በቃ፣ አቤት ያላለውን ቀሪ ይለዋል፣ ታሞ ይሁን መንገድ ተዘግቶበት ግን አያውቅም። ፌይልድ የተባለው ዲስክ እውነትም ውስጡ ያለው ማንበቢያ (ሄድ የሚባለው) ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፣ ግን ኬብሉ ላልቶ፣ ባክፕሌኑ (ዲስኮቹ የሚሰኩበት ሰሌዳ) ላይ ያለው ስሎት ተቃጥሎ፣ ፓወር ሰፕላዩ ደክሞ ወይ ፈርምዌሩ ላይ ችግር ኖሮ ሊሆንም ይችላል። በተገላቢጦሽ ደሞ ኦንላይን የተባለው ዲስክ እስካሁን ለተጠየቀው መለሰ ማለት ብቻ ነው፣ ሁለት አመት ሙሉ ማንም ያላነበበው ሴክተር (ትንሿ የዲስክ ክፍል) ውስጥ ምን እንዳለ እሱም አያውቅ ኮንትሮለሩም አያውቅ።

ስለዚ ሁሌም የሚታየው ሶስት ቦታ ነው። አንደኛ ቮሊዩሙ (ከዲስኮቹ ተሰርቶ ሰርቨሩ እንደ አንድ ዲስክ የሚያየው፣ ቨርቹዋል ድራይቭ ወይ ሎጂካል ድራይቭ የሚባለው) ምን ላይ ነው፣ ሁለተኛ እያንዳንዱ ዲስክ ምን ተብሏል፣ ሶስተኛ ዲስኩ ራሱ ስለራሱ ምን ይላል፣ ማለትም ስማርት። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ብቻ አይቶ ነው እጁን ወደ ሰርቨሩ የሚሰደው።

ከቮሊዩሙ ጀምሩ

ቮሊዩሙ ኦፕቲማል (ሙሉ) ከሆነ ጊዜ አላችሁ። ዲግሬድድ (ዲስክ ጎድሎበት የሚሰራ) ከሆነ ስንት ዲስክ ለመክሰር አቅም እንደቀራችሁ ወዲያው አስሉ፣ ይሄ ስሌት ነው ቀጥሎ የምትሰሩትን ሁሉ የሚወስነው። ሬይድ 5 ዲግሬድድ ከሆነ የቀራችሁ ዜሮ ነው፣ አንድ ተጨማሪ ዲስክ ከወጣ በቃ አለቀ። ሬይድ 6 አንድ ዲስክ ጎድሎበት ከሆነ ገና አንድ ይችላል (ሜጋሬይድ የሚባለው የኮንትሮለር አይነት ይሄንን ፓርሻሊ ዲግሬድድ ይለዋል)፣ ሁለት ከጎደለበት ግን እንደ ሬይድ 5ቱ ነው። ሬይድ 10 ላይ ነገሩ ይለያል፣ ወሳኙ የጎደለው ብዛት ሳይሆን የትኛው እንደጎደለ ነው፣ ምክንያቱም ሚረር ጥንዱ (ያንኑ ዳታ የያዘው ጓደኛው) የሞተበት ዲስክ ብቻውን ነው የቆመው፣ እሱ ከወጣ ቮሊዩሙ በሙሉ ይወድቃል፣ ሌሎቹ ጥንዶች ላይ ግን ገና አንዳንድ ዲስክ ቢሄድም ይኖራል። ሬይድ 0 ላይ ዲግሬድድ የሚባል ነገር የለም፣ ወይ አለ ወይ የለም።

ኤችፒ ስማርት አሬይ በሚባለው ኮንትሮለር ላይ ዲግሬድድ የሚለውን ቃል አትጠብቁ፣ እሱ ኢንተሪም ሪከቨሪ ሞድ ነው የሚለው፣ ስሙ ለስለስ ስላለ ብዙ ሰው እየተስተካከለ ያለ ይመስለዋል፣ አይደለም፣ ዲስክ ጎድሏል ማለት ነው። ሪቢልድ (የጎደለውን ዳታ አዲስ ዲስክ ላይ መልሶ መስራት) ላይ ሲሆን ሪከቨሪንግ ይላል፣ መሀል ላይ ደሞ ሬዲ ፎር ሪቢልድ የሚል አለ፣ ተራውን እየጠበቀ ነው ማለት ነው።

የዲስኮቹ ስታተስ

ኦንላይን፣ ሬዲ፣ ሆት ስፔር የሚሉትን ብዙ አላብራራም። ኦንላይን የአሬዩ አባል ነው፣ ሬዲ ወይ አንኮንፊገርድ ጉድ የሚባለው ደህና ሆኖ ስራ ያልተሰጠው ነው፣ ሆት ስፔር ደሞ አንዱ ሲወድቅ ሰው ሳይነካው ራሱ የሚገባ ተጠባባቂ ነው። ተጠባባቂው ግሎባል ከሆነ ለሁሉም አሬይ ይገባል፣ ዴዲኬትድ ከሆነ ለተመደበለት ብቻ። ሪቢልዲንግ የሚለው አዲስ የገባው ዲስክ ከሌሎቹ እየተሞላ ነው፣ ኮፒባክ ወይ ሪፕሌሲንግ የሚለው ደሞ ከአንድ ዲስክ ወደ ሌላ በቀጥታ እየተገለበጠ ነው። ሪቢልድ ላይ ያለ ዲስክ ገና ሙሉ አባል አይደለም፣ ፐርሰንቱ 99 ላይ ቢሆንም ቮሊዩሙ ዲግሬድድ ነው።

ፕሪዲክቲቭ ፌይለር። እዚህ ጋ ቆም እንበል፣ ከሁሉም በላይ ሰው የሚሳሳትበት እሱ ነው። ዲስኩ እየሰራ ነው፣ አባል ነው፣ ዳታውም ልክ ነው፣ ግን ውስጡ ያለው ስማርት የተቀመጠለትን ገደብ ስላለፈ «ብዙ የምቆይ አይመስለኝም» እያለ ነው። ሌላው ሁሉ ደህና ከሆነ አዲስ ዲስክ አስመጥታችሁ ትቀይሩታላችሁ፣ ቀላል ነው። ችግሩ ሌላ ዲስክ ቀድሞ ከወደቀ ነው። ለምሳሌ ስምንት ዲስክ ያለው ሬይድ 5 አለ እንበል፣ ስሎት 2 ፌይልድ፣ ስሎት 5 ፕሪዲክቲቭ ፌይለር። አንድ ተቀያሪ ዲስክ ብቻ ነው በእጃችሁ ያለው። የሚቀየረው ስሎት 2 ነው፣ ሌላ አማራጭ የለም። ስሎት 5ን «ይሄም ሊሞት ነው» ብላችሁ ከነቀላችሁት ያ እየተንገዳገደ የነበረ ዲስክ ነበር ስሎት 2ን መልሶ ለመስራት የሚያስፈልጋችሁ ዳታ ያለበት፣ ነቅላችሁት ቮሊዩሙ ይወድቃል። ስሎት 2 ሪቢልድ ጨርሶ ቮሊዩሙ ኦፕቲማል እስኪል ድረስ ስሎት 5 አይነካም፣ መብራቱ ቢያብለጨልጭም ዝም በሉት። እስከዛው ባክአፕ ውሰዱ፣ ግን ሪቢልዱ ከመጀመሩ በፊት ብትወስዱ ይሻላል፣ ምክንያቱም ሪቢልድ ሁሉንም ዲስክ ከዳር እስከ ዳር ያስነብባል፣ ደካማው ዲስክ ደሞ የሚጣለው እዛ ላይ ነው።

ሌላው ደህና ሆኖ አንድ ፕሪዲክቲቭ ብቻ ካለ ደሞ ነቅሎ ከመቀየር የተሻለ መንገድ አለ። ባዶ ስሎት ካላችሁ አዲሱን እዛ ክተቱና ሪፕሌስ ሜምበር የሚለውን ተጠቀሙ፣ አሮጌው እያለ ይገለበጣል፣ ስለዚ አሬዩ አንድም ደቂቃ ዲግሬድድ አይሆንም። ያለ ካርድ በሶፍትዌር ሬይድ የሚሰሩት ዜድኤፍኤስም ኤምዲኤድሚንም (የሊኑክስ ኤምዲ ሬይድ ማዘዣ) ሪፕሌስ የሚል ትእዛዝ አላቸው፣ ስራቸው ተመሳሳይ ነው። ይሄን መንገድ ሰው ለምን እንደማይጠቀምበት አይገባኝም።

አንድ ነገር ግን፣ ስማርት ዝም አለ ብላችሁ አትተኙ። ጎግል በ2007 ያወጣው ትልቅ ጥናት ላይ ከሞቱት ዲስኮች ከ36 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከሙቀት ውጪ ባሉት የስማርት ቁጥሮች ምንም ምልክት ሳያሳዩ ነው የሄዱት። እዛው ጥናት ላይ ደሞ ስካን ኢረር (ዲስኩ ገጹን ሲፈትሽ ያገኘው ስህተት) አንዴ ያሳየ ዲስክ በ60 ቀን ውስጥ የመሞት እድሉ ምንም ካላሳየው 39 እጥፍ ነበር። ማለትም ስማርት ከጮኸ እመኑት፣ ዝም ካለ ግን ዋስትና አድርጋችሁ አትያዙት።

ፌይልድ እና ኦፍላይን። ፌይልድ ኮንትሮለሩ ራሱ ያስወጣው ነው፣ ኦፍላይን ደሞ አባል የነበረ አሁን ግን ላዩ ላይ ያለው ዳታ ከአሬዩ ጋር አይሄድም ተብሎ የተቀመጠ ነው፣ ሰውም በእጁ ኦፍላይን ሊያደርገው ይችላል። ሁለቱም ላይ ፎርስ ኦንላይን የሚል አማራጭ ታገኛላችሁ፣ እሱን እጃችሁ እንዳይነካው፣ ለምን እንደሆነ ወደታች እመለስበታለሁ።

ሚሲንግ ወይ ሪሙቭድ ከሆነ ኮንትሮለሩ ዲስኩን ጭራሽ አያየውም። አንድ ጊዜ ነቅሎ በደንብ ገፋ አድርጎ መክተት የሚያስኬደው እዚህ ጋ ነው፣ በተለይ ሰርቨሩ ከቦታ ቦታ ከተዛወረ። አንኮንፊገርድ ባድ ደሞ አባል ያልሆነና ኢረር ያለበት ነው፣ ሜክ ጉድ የሚል ቁልፍ አለው፣ ተጭናችሁ ደህና ታስመስሉታላችሁ፣ ቁልፉ ግን ስታተሱን ነው የሚቀይረው፣ ዲስኩን አያድነውም።

ፎሪን። ይሄ ደሞ ብዙ ዳታ የበላ ስታተስ ነው። እያንዳንዱ ዲስክ ላይ የየትኛው አሬይ አባል እንደሆነና ስንተኛው እንደሆነ የሚናገር ትንሽ መረጃ ተጽፎ ይቀመጣል። ኮንትሮለሩ ዲስኩ ላይ ያገኘው እሱ ጋ ካለው ጋር አልገጥም ካለው ፎሪን ይለዋል። ከሌላ ሰርቨር የመጣ ዲስክ ፎሪን ነው፣ ኮንትሮለር ካርዱን ከቀየራችሁም ሁሉም ፎሪን ሆነው ሊመጡ ይችላሉ፣ ለአፍታ ተቋርጦ የተመለሰም እንደዛው። ሁለት ምርጫ ይሰጣችኋል፣ ኢምፖርት እና ክሊር። ክሊር ማለት ያንን መረጃ አጥፋው ማለት ነው። ያገለገለ ዲስክ አምጥታችሁ ከሆነ ክሊር ልክ ነው። ከአንድ ሰዓት በፊት ድረስ የራሳችሁ አሬይ ውስጥ ሲሰሩ የነበሩ ዲስኮች ከሆኑ ግን ክሊር ካላችሁ አሬዩ እንዴት እንደተደረደረ የሚያውቀውን ነገር አጠፋችሁት። መጀመሪያ ፕሪቪው አለ፣ እሱን ክፈቱ፣ ቮሊዩሙ ሙሉ ሆኖ ከታያችሁ ኢምፖርት፣ ጎዶሎ ሆኖ ከታያችሁ ቁሙና ሎጉን (ኮንትሮለሩ የሆነውን በሰዓቱ የመዘገበበትን) አንብቡ። ግራ እንዳያጋባችሁ ዜድኤፍኤስ ላይም ክሊር የሚባል ትእዛዝ አለ፣ እሱ የኢረር ቁጥሮቹን ወደ ዜሮ ከመመለስና ዲስኩን እንደገና ከመሞከር ውጪ ምንም አያጠፋም።

ሁለት ዲስክ አንዴ ከወደቁ

አንዴ ያየሁት ሰርቨር ነው። ስምንት ዲስክ፣ ሬይድ 6፣ ጠዋት ላይ ቮሊዩሙ ኦፍላይን ሆኖ ተገኘ፣ አራት ዲስክ ደሞ ፌይልድ፣ ስሎት 4፣ 5፣ 6 እና 7። ቦታው ላይ የነበሩት ሰዎች አራት አዲስ ዲስክ ለማዘዝ ወረቀት እያዘጋጁ ነበር። ሎጉ ሲከፈት ግን አራቱም የወጡት በአንዷ ሰከንድ ነው። አራት ዲስክ በአንድ ሰከንድ ተስማምቶ አይሞትም። ሚኒ ሳስ የሚባለው ኬብል አንዱ ጫፍ አራት መስመር ነው የሚይዘው፣ ስለዚ ስምንት ስሎት ያለው ባክፕሌን ብዙ ጊዜ በሁለት ኬብል ነው የሚገናኘው፣ የመጀመሪያዎቹ አራት በአንዱ፣ የቀሩት አራት በሌላው። ከ4 እስከ 7 በአንዴ ሄዱ ማለት ሁለተኛው ኬብል ነው። ሰርቨሩ ጠፍቶ ኬብሉ ተቀየረ፣ ሲበራ አራቱ ፎሪን ሆነው መጡ፣ ፕሪቪው ላይ ቮሊዩሙ ሙሉ ነበር፣ ኢምፖርት ተደረገ፣ ኮንሲስተንሲ ቼክ (የዲስኮቹ ዳታ እርስ በርሱ መግጠሙን ማረጋገጫ) ተሰራበት፣ አለቀ። ያኔ ክሊር ተብሎ አዳዲሶቹ ዲስኮች ገብተው ቢሆን ምንም የሚመለስ ነገር አልነበረም።

እንግዲህ ሁለትና ከዛ በላይ ዲስክ ሲወድቅ መጀመሪያ የሚታየው ሰዓቱ ነው። አንድ ላይ ከሆነ የጋራ የሆነ ነገር ፈልጉ፣ ኬብል፣ ባክፕሌን፣ ኤክስፓንደር (መስመሩን ለብዙ ዲስክ የሚያካፍለው)፣ ፓወር። ለየብቻ ከሆነ ደሞ ቅደም ተከተሉን ጻፉት፣ ምክንያቱም እዚህ ጋ ነው ፎርስ ኦንላይን የሚገድለው። ሬይድ 5 ላይ ስሎት 1 ሰኞ ወጣ፣ ማንም አላየውም፣ አሬዩ ዲግሬድድ ሆኖ ሲሰራ ቆየ፣ ሀሙስ ስሎት 6 ወጣና ቮሊዩሙ ወደቀ። ስሎት 1 ላይ ያለው ዳታ የሰኞ ነው። እሱን ፎርስ ኦንላይን ካላችሁት ኮንትሮለሩ የሰኞን ዳታ ከሀሙሱ ጋር ቀላቅሎ ያነብላችኋል፣ ፋይል ሲስተሙ ይበጣጠሳል፣ ቼክ ዲስክ ምናምን ስታስሮጡበት ደሞ ይብስበታል። መመለስ ካለበት መጨረሻ ላይ የወጣው ስሎት 6 ነው፣ እሱም ቢሆን ዳታው ዋጋ ያለው ከሆነና ባክአፕ ከሌለ አንድም ነገር ሳትጽፉበት ለዳታ ሪከቨሪ ባለሙያ መስጠቱ ይሻላል። ሊኑክስ ሬይድ ላይ ይሄን ማወቅ ቀላል ነው፣ ኤምዲኤድሚን ኤግዛሚን ስትሉት እያንዳንዱ ዲስክ ላይ ኢቨንትስ የሚል ቁጥር አለ፣ ቁጥሩ ወደኋላ የቀረው ዲስክ ቀድሞ የወጣው ነው።

ቁጥሮቹ

ሜጋሬይድ ዘር የሆኑ ካርዶች (ዴል ፐርክም አብዛኛው ከዚህ ቤተሰብ ነው) ለእያንዳንዱ ዲስክ ሶስት ቆጣሪ ያሳያሉ፣ ሚዲያ ኢረር፣ አዘር ኢረር፣ ፕሪዲክቲቭ ፌይለር ካውንት። ሚዲያ ኢረር እየጨመረ ከሆነ የዲስኩ ገጽ ነው፣ መቀየር ነው። አዘር ኢረር ብቻውን እየጨመረ ከሆነና ሚዲያው ዜሮ ከሆነ ዲስኩን ከመክሰሳችሁ በፊት መንገዱን እዩ፣ ኬብል፣ ኮኔክተር፣ ስሎት። ማረጋገጫው ቀላል ነው፣ ዲስኩን ቀየራችሁት፣ አዲሱም እዛው ስሎት ላይ ቁጥሩ መውጣት ጀመረ፣ በቃ ስሎቱ ነው።

ሳታና ሳስ ሁለት የዲስክ ማገናኛ አይነቶች ናቸው። ሳታ ዲስክ ላይ ስማርት ስታነቡ መቶ መስመር አትዩ። 5 (ሪአሎኬትድ ሴክተር)፣ 187 (ሊታረም ያልቻለ ኢረር)፣ 197 (ፔንዲንግ፣ ማለትም ማንበብ አቅቶት ውሳኔ የሚጠብቅ ሴክተር) እና 198 (ዲስኩ ራሱን ሲፈትሽ ማንበብ ያቃተው ሴክተር) ናቸው ዋናዎቹ። 197 አንዳንዴ ይቀንሳል፣ ሴክተሩ ላይ እንደገና ሲጻፍበት ወይ ይድናል ወይ ወደ 5 ይዛወራል፣ ስለዚ 197 ዜሮ ሆነ ብላችሁ ከመደሰታችሁ በፊት 5 ከፍ አለ ወይ ብላችሁ እዩ። 199 ለብቻው ነው፣ እሱ በዲስኩና በኮንትሮለሩ መሀል የተበላሸ ዳታ ነው የሚቆጥረው፣ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ኬብል ነው። ኬብሉን ከቀየራችሁ በኋላ ቁጥሩ ወደ ዜሮ አይመለስም፣ የነበረበት ላይ ከቆመ ተስተካክሏል ማለት ነው። ሳስ ዲስክ ላይ እነዚህን ቁጥሮች ፈልጋችሁ አታገኟቸውም፣ እዛ ላይ ግሮውን ዲፌክት ሊስት (ከጊዜ በኋላ የተበላሹ ቦታዎች ዝርዝር) እና አንኮሬክትድ ኢረር (ያልታረመ ስህተት) የሚሉትን ነው የምታዩት።

ዜድኤፍኤስ የምትጠቀሙ ከሆነ ደሞ ሪድ፣ ራይት፣ ቼክሰም (የተነበበው ዳታ ከተጻፈው ጋር አልገጠመም) የሚሉ ሶስት የስህተት አምዶች አሉ። ሪድና ራይት አንድ ዲስክ ላይ ከጨመረ ዲስኩን ወይ መስመሩን ጠርጥሩ። ቼክሰም ብዙ ዲስክ ላይ አንድ ላይ ከጨመረ ግን ዲስኮቹ ሳይሆኑ ራም፣ ኤችቢኤ (ዲስኮቹን የሚያገናኘው) ካርድ ወይ ኬብል ነው የሚሆነው። ፎልትድ ማለት ኢረሩ ስለበዛ ከስራ ወጥቷል፣ አንአቬይለብል መክፈት አልተቻለም፣ ሪሙቭድ ሲስተሙ እየሰራ እያለ ተነቅሏል ማለት ነው። ሊኑክስ ኤምዲ ላይ ደሞ ኤምዲስታት ፋይል ውስጥ ቅንፍ ውስጥ ለእያንዳንዱ ዲስክ ዩ የሚል ፊደል ይቀመጣል፣ ከፊደሉ ይልቅ ሰረዝ ካያችሁ እዛ ቦታ ዲስክ ጎድሏል፣ ስሙ አጠገብ ኤፍ ካለ ፎልቲ ነው፣ ኤስ ካለ ስፔር።

ብዙ ሰው የሚያደናግር ሌላ ነገር አለ። ዲስኩ ፌይልድ ተባለ፣ ተነቅሎ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ሲሞከር ምንም የለበትም። ለዴስክቶፕ የተሰራ ዲስክ ከሆነ ምክንያቱ ይሄ ሊሆን ይችላል፣ አንድ ሴክተር ማንበብ ሲያቅተው ከደቂቃ በላይ ደጋግሞ ሊሞክር ይችላል፣ ለአንድ ኮምፒውተር እሱ ጥሩ ጸባይ ነው፣ ሌላ ኮፒ የለውማ። ለሬይድ የተሰሩት ግን አብዛኞቹ ሰባት ሰከንድ አካባቢ ሞክረው ተስፋ ይቆርጡና «አልቻልኩም» ብለው ይመልሳሉ፣ ኮንትሮለሩም ከፓሪቲው (ሌሎቹ ዲስኮች ላይ ካለው መጠባበቂያ መረጃ) ይሰራዋል። ዴስክቶፕ ዲስክ መልስ ሳይሰጥ ሲቆይ ኮንትሮለሩ ሞቷል ብሎ ያስወጣዋል። እንዲህ ያለውን ዲስክ «ደህና ነው እኮ» ብሎ መልሶ ማስገባት ከሳምንት በኋላ ያንኑ ችግር መጥራት ነው።

መብራቶቹ

የዴል ሰርቨሮች ላይ ዲስኩ ላይ ያለው መብራት ቋሚ አረንጓዴ ከሆነ ኦንላይን ነው፣ አረንጓዴ ቀስ ብሎ ብልጭ ካለ ሪቢልድ ላይ ነው፣ አረንጓዴ ከዛ ብርቱካናማ ከዛ ጥፍት ካለ ፕሪዲክቲቭ ፌይለር፣ ብርቱካናማ በሰከንድ አራቴ ቶሎ ቶሎ ካለ ፌይልድ። አረንጓዴ ሶስት ሰከንድ፣ ብርቱካናማ ሶስት ሰከንድ፣ ጠፍቶ ስድስት ሰከንድ ከሆነ ሪቢልዱ ቆሟል። ኤችፒ ላይ ከጄን 8 ጀምሮ ቋሚ ብርቱካናማ ፌይልድ ነው፣ አረንጓዴና ብርቱካናማ እየተፈራረቀ ከሆነ አባል ነው ግን ሊሞት ነው፣ ደሞ ዱ ኖት ሪሙቭ የሚል ነጭ መብራት አለው፣ እሱ በርቶ ከሆነ ያንን ዲስክ ከነቀላችሁ ቮሊዩሙ ይወድቃል ማለት ነው። ይሄን ነጭ መብራት ያሰበው ሰው ይባረክ፣ ሁሉም ሰርቨር ላይ ቢኖር ጥሩ ነበር።

መብራት ብቻ አምናችሁ ግን አትንቀሉ። ስሎት ቁጥር ብዙ ቦታ ላይ ከዜሮ ነው የሚጀምረው፣ ስሎት 3 ማለት አራተኛው ነው፣ በጣት ቆጥሮ ሶስተኛውን የነቀለ ሰው ብዙ ነው። ከሶፍትዌሩ ላይ ሎኬት ወይ ብሊንክ የሚለውን ተጫኑ፣ የሚያብለጨልጨው የትኛው እንደሆነ እዩ፣ የዲስኩን ሰርያል ቁጥርም ከስክሪኑ ላይ ጽፋችሁ ያዙና ስታወጡት ሌብሉ ላይ አመሳክሩ። ኤምዲ ላይ ከሆናችሁ ሰርያል ቁጥር የግድ ነው፣ ሊኑክስ ለዲስክ የሚሰጠው እንደ ኤስዲሲ ያለ ስም ሰርቨሩ ሪስታርት ሲደረግ ሊቀያየር ይችላል።

መቀየርና ሪቢልድ

ሆት ስዋፕ ከሆነ ሰርቨሩን አታጥፉት፣ እየሰራ ነው የሚቀየረው። ብዙ አመት ያለማቋረጥ ሲሽከረከር የኖረ ዲስክ ከጠፋ በኋላ ላይነሳ ይችላል፣ ዲግሬድድ ላይ ሆናችሁ ያንን ቁማር አትጫወቱ። ዲስኩን ትንሽ ሳብ አድርጋችሁ ከኮኔክተሩ ካላቀቃችሁት በኋላ ውስጡ መሽከርከሩን እስኪያቆም ጠብቁ፣ ከዛ አውጡት። አዲሱን ክተቱ፣ ጠብቁ፣ አብዛኛው ኮንትሮለር ሪቢልዱን ራሱ ይጀምራል።

ካልጀመረ አዲሱ ዲስክ ሬዲ ብሎ ቁጭ ብሎ ታዩታላችሁ። ምክንያቱ ከነዚህ አንዱ ነው፣ መጠኑ ከአሮጌው በጥቂት ሴክተር ያንሳል፣ ወይ ሳስ አሬይ ላይ ሳታ ነው ያስገባችሁት፣ ወይ ከሃርድ ዲስክ ጋር ኤስኤስዲ፣ ወይ የሴክተር መጠኑ 512 እና 4ኬ ሆኖ አልገጠመም፣ ወይ ደሞ ያገለገለ ዲስክ ሆኖ ፎሪን ብሎ ተቀምጧል። ሁሉም ትክክል ሆኖ ከቆመ ሆት ስፔር አድርጉት፣ ያኔ ይነሳል።

ጊዜውን በስሌት ገምቱ። 4 ቴራባይት በሰከንድ 100 ሜጋባይት ከሄደ 11 ሰዓት አካባቢ ነው፣ 16 ቴራባይት በ200 ከሄደ 22 ሰዓት፣ ያውም ሰርቨሩ ላይ ሌላ ስራ ከሌለ። ሰው እየተጠቀመበት ከሆነ እጥፍም ከዛ በላይም ይሄዳል፣ ፐርሰንቱ ለሁለት ሰዓት 14 ላይ ቆመ ብላችሁ ዲስኩን ነቅላችሁ አትክተቱት። ሪቢልድ ሬት የሚል ቅንብር አለ፣ ማታ ላይ ከፍ፣ ቀን ላይ ዝቅ ማድረግ ትችላላችሁ።

ሪቢልድ መሀል ላይ ከሌላ ዲስክ ማንበብ ያልተቻለ ሴክተር ከመጣስ? ብዙ የዴስክቶፕ ዲስኮች ወረቀታቸው ላይ እንዲህ ያለው ስህተት ከ1 ቀጥሎ 14 ዜሮ ባለው ብዛት ቢት ሲነበብ አንዴ ይላል፣ ማለትም 100 ትሪሊዮን ቢት ላይ ቢበዛ አንድ፣ ሲቀየር 12.5 ቴራባይት ንባብ ማለት ነው፣ ለሰርቨር የተሰሩት ደሞ አስር እጥፍ ይሻላሉ። ይሄ የአምራቹ ጣሪያ ነው፣ በየ12.5 ቴራባይቱ ይመጣል ማለት አይደለም፣ ግን ትልልቅ ዲስክ ላይ ሬይድ 5 እንዳይመከር ካደረጉት ነገሮች አንዱ ነው። ፐርክ እንዲህ ሲገጥመው ሪቢልዱን አያቆምም፣ ያንን ቦታ ፐንክቸር አድርጎ ያልፈዋል፣ መጨረሻ ላይ ቮሊዩሙ ኦፕቲማል ይላል፣ እዛ ቦታ የነበረው ዳታ ግን የለም። ስለዚ ሪቢልድ ካለቀ በኋላ ሎጉ ውስጥ ፐንክቸር የሚል ቃል ፈልጉ፣ ካለ ዲስክ በመቀየር አይጠፋም፣ ባክአፕ አውጥታችሁ ቮሊዩሙን አፍርሳችሁ እንደገና መስራት ነው ያለባችሁ።

ይሄ እንዳይመጣ የሚያደርገው ቀድሞ ማስነበብ ነው። ሜጋሬይድ ፓትሮል ሪድ የሚል አለው፣ በነባሪው በየ168 ሰዓቱ ይሄዳል፣ ሆት ስፔሩንም ጭምር ያያል፣ «ሰርቨሩን ያዘገያል» ብሎ የሚያጠፋው ሰው አለ፣ አታጥፉት። ዜድኤፍኤስ ላይ ስክራብ፣ ኤምዲ ላይ ቼክ ነው፣ በወር አንዴ ይበቃል። ማንቂያ ኢሜይሉንም አንዴ ሞክሩት፣ ሆን ብላችሁ ቴስት መልእክት ላኩ፣ ያ የሰኞው ዲስክ እስከ ሀሙስ ያልታየው ኢሜይሉ ስራ ለለቀቀ ሰራተኛ እየሄደ ሊሆን ይችላል። ሰርቨሩ ድንገት ቀርፋፋ ከሆነና ዲስኮቹ ሁሉ ኦንላይን ከሆኑ ደሞ የኮንትሮለሩን ባትሪ እዩ፣ ባትሪው ሲደክም ካሹ (የኮንትሮለሩ ፈጣን ማቆያ) «ራይት ስሩ» ወደሚባለው ይቀየራል፣ ማለትም እያንዳንዱ ጽሁፍ ዲስኩ ላይ እስኪያርፍ ይጠብቃል፣ መጻፉ ይንቀራፈፋል፣ ዲስኮቹ ምንም አላጠፉም።

የወጣውን ዲስክ ቀን፣ ስሎትና የሰርቨሩን ስም ላዩ ላይ ጽፋችሁ አስቀምጡት፣ ሪቢልዱ አልቆ ኮንሲስተንሲ ቼክ እስኪያልፍ ድረስ አትስጡት አታጥፉት። ዋስትና ላይ ስለሆነ ለሻጩ የምትመልሱት ከሆነ ደሞ ፌይልድ ተብሎ የወጣ ዲስክ ላይ ያለው ዳታ አሁንም ሊነበብ እንደሚችል አስቡ፣ በተለይ ሬይድ 1 ከሆነ ሙሉ ኮፒው ነው ያለበት፣ ኢንክሪፕት ካልተደረገ መጀመሪያ ለማጥፋት ሞክሩ፣ የማጥፋት ትእዛዝ አልቀበልም ካለ ደሞ ዋስትናውን ትታችሁ ብትበሱት ይሻላል።